ባለ ቺንጊያውና ቀጥታው፦ ድሬ ላይ ሁለት የሸክላ ማጫወቻ የማስነሣት ማስታወሻ

ሚያዝያ 11

ዛሬ ሁለቱም አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። በግራ ፓዮኒር ፒኤል-12ዲ፣ በቀኝ ቴክኒክስ ኤስኤል-ዲ2። ሁለቱም የጃፓን ሥራ ናቸው። ሁለቱም በዕድሜ ይበልጡኛል። ሁለቱም አይሠሩም።

ፓዮኒሩን የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ሲመጣ በልብስ ጠቅልሎ አመጣልኝ። ቴክኒክሱ በጅቡቲ በኩል የገባ ነው። እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን ገበያ፣ ከአሮጌ ቴሌቪዥኖች ሥር አገኘሁት። ሻጩ ምን እንደሆነ አያውቅም ነበር። አገላብጬ ሳየው ግን ጠረጠረና "የዲጄ ነው" ብሎ ዋጋ ጨመረብኝ። የከፈልኩትን ለእማዬ አልነገርኳትም።

ይሄ ሁሉ ጣጣ የመጣው በአባዬ ሸክላዎች ነው። ሁለት ካርቶን ሙሉ አሉ። አብዛኞቹ ትንንሾቹ፣ ባለ 45 ዙሮቹ ናቸው። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን ከጀመረ በኋላ የኛ ሰው ዘፈን በብዛት የወጣው በነዚህ ነው፤ በአንድ ፊት አንድ ዘፈን። ከዚያ ካሴት መጣ፣ ሸክላው ካርቶን ገባ።

ልዩነታቸውን አንዴ ልናገርና ልለፈው። ባለ ቺንጊያው ላይ ሞተሩ ጥግ ይዞ በፍጥነት ይዞራል። ስስ የላስቲክ ቺንጊያ ከሞተሩ ፑሌጃ ተነሥቶ ሳህኑን ያዞራል። ወፍጮ ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው ይሄ አዲስ አይሆንበትም። ቀጥታው ላይ ቺንጊያ የለም። የሞተሩ ዘንግ ራሱ የሳህኑ ዘንግ ነው። ሞተሩ የሚዞረው ሸክላው በሚዞርበት ልክ ነው፤ በደቂቃ 33 ከሲሶ ወይም 45።

የቺንጊያ ወገኖች "ላስቲኩ የሞተሩን ንዝረት ያስቀራል" ይላሉ። የቀጥታ ወገኖች ደግሞ "ላስቲክ ይለጠጣል፣ ይንሸራተታል፣ ፍጥነት አይጠብቅም" ይላሉ። ሁለቱም አልዋሹም። እኔ ማወቅ የፈለግኩት እዚህ፣ ከዚራ ሰፈር፣ በኛ ሳሎን፣ በዚህ ሙቀት የትኛው እንደሚያዋጣ ነው። ጓደኞቼ ሲሰሙ "አቦ፣ ዘፈኑ ስልክህ ላይ የለም እንዴ?" አሉኝ። አለ።

ሚያዝያ 12

ፓዮኒሩን ከፈትኩት። ሳህኑን ሳነሣ ቺንጊያው አብሮ አልተነሣም። ቀልጧል። በውስጠኛው ጠርዝ ዙሪያ እንደ ሬንጅ ተለጥፎ ቀርቷል። ጣቴን ሳስነካው ጥቁሩ ተከትሎኝ መጣ፤ ከዚያ በሩ እጀታ ላይ፣ ከዚያ ሻይ ብርጭቆው ላይ። እማዬ ብርጭቆውን አይታ ምንም አላለችም፤ ከማለት የባሰ ነው።

በአልኮልና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ዋናው ነገር ፑሌጃው ነው። ከእርሳስ የቀጠነች የነሐስ ቁራጭ ናት፤ ሁለት ደረጃ አላት። ቀጭኑ ለ33፣ ወፍራሙ ለ45። መሐሏ በትንሹ አበጥ ያለ ነው፤ ቺንጊያው ወደ ጠርዝ እንዳይሸሽ የሚይዘው ያ እብጠት ነው። እሱ ላይ ቅባት ወይም የቀለጠ ላስቲክ ከቀረ ፍጥነቱ ልክ አይመጣም። በጥፍሬና በጨርቅ ጠራረግኩት። በብርጭቆ ወረቀት የሚፈትግ ሰው ካያችሁ እጁን ያዙት።

ኩሽኔታው ደርቋል። አሮጌውን ቅባት ጠርጌ ሁለት ጠብታ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ጨመርኩ። አሁን ሳህኑን በጣት ገፋ ሳደርገው ድምፅ ሳያሰማ ረጅም ጊዜ ይዞራል።

ሚያዝያ 15

ቺንጊያ ድሬ ላይ የለም። የቴፕ ቺንጊያ አለ፤ ግን ለዚህ ሳህን ቀለበት አይሆነውም። አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ ትክክለኛውን እንዲያስመጣልኝ ነገርኩት።

እስከዚያ መቀመጥ አልቻልኩም። ጎሚስታው ጋ ሄድኩና የተጣለ የኢሱዙ ከመነዳሪ ለመንኩት። የብስክሌቱ ይጠባል፣ የቤት መኪናውም አይበቃም፤ የጭነት መኪናው ግን በአግድም ሲቆረጥ ልክ ይመጣል። ቀጭን ቀለበት በመቀስ ቆረጥኩ። ጎሚስታው "ለምንድነው?" አለኝ። "ለዘፈን" አልኩት። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀኝም።

ፍጥነት የለካሁት በአባዬ ዘዴ ነው። አባዬ ባቡር ላይ ተቆጣጣሪ ነበር፤ ደቂቃ ለእሱ ቀልድ አይደለም። ሳህኑ ጠርዝ ላይ ነጭ ወረቀት ለጠፈ፣ ሰዓቱን ጉልበቱ ላይ አደረገ። 33 ከሲሶ ማለት በሦስት ደቂቃ ልክ 100 ዙር ነው። ሲሶዋ እዚህ ላይ ትጠፋለች፣ ቁጥሩም ሙሉ ይሆናል። የድሮ የባቡር ሰዎች በፈረንሳይኛ ነው የሚቆጥሩት፤ አባዬም እስከ ዛሬ አልተወውም።

አንዴ 96 መጣ። አንዴ 104። በመቀስ የተቆረጠ ላስቲክ እኩል ውፍረት የለውም፤ ስፌቱ ፑሌጃውን ባለፈ ቁጥር "ጧ" ይላል። ዘፈኑ የባሕር ሕመም ያስይዛል። ግን 100 አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ሞተሩ ጤነኛ ነው አልኩ። ትክክለኛው ቺንጊያ ሲመጣ አለቀ ብዬ ተኛሁ።

(ይቺን አስተያየት አስታውሷት። ኋላ ታሳፍረኛለች።)

ሚያዝያ 20

የቴክኒክሱ ተራ። ይሄኛው ይዞራል፤ ግን እንደፈለገው። ሲጀምር ልክ ነው፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ይፈጥናል፣ እጄን የፍጥነት ማስተካከያው ላይ ሳደርግ ይደነግጣል።

ቀጥታ ድራይቭ ብዙዎቻችን ከዲጄ ጋር ነው የምናገናኘው። ጅማሬው ግን ለረጋ ሙዚቃ አድማጭና ለሬዲዮ ጣቢያ ነበር። የመጀመሪያውን፣ ኤስፒ-10ን፣ ቴክኒክስ እ.ኤ.አ. በ1970 አወጣ። ኤስኤል-1200 በ1972 ተከተለ። ዲጄዎቹ የወደዱት በእጅ ሲይዙት ስለማይለግም፣ ሲለቁትም ወዲያው ፍጥነቱን ስለሚያገኝ ነው። በ1979 የወጣው የኤስኤል-1200 ማርክ 2 ፍጥነቱን በኳርትዝ ክሪስታል ይቆልፋል። የኔው ኳርትዝ የለውም። ለ33 አንድ፣ ለ45 አንድ ማስተካከያ አለው፤ ልክ መሆኑን የምታዩት በሳህኑ ጠርዝ ባሉት ነጥቦች ነው።

የነጥቦቹ ነገር ደስ ይላል። አጠገባቸው ያለችው ቀይ መብራት በመብራት ኃይል ሞገድ ትበራለች ትጠፋለች። የኛ መስመር 50 ኸርዝ ነው፣ ሞገዱ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል ማለት ነው፤ መብራቷ በእያንዳንዱ ሁለቴ ስለምትበራ በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ትላለች። 180 ነጥብ ያለው ረድፍ በ33 ከሲሶ ሲዞር በእያንዳንዱ ብልጭታ አንዱ ነጥብ የሌላውን ቦታ ይይዛል። ለዓይን የቆሙ ይመስላሉ። ወደፊት ከሄዱ ፈጥኗል፣ ወደኋላ ከሄዱ ዘግይቷል።

በሽታው የተለመደው ነው። ማስተካከያዎቹ ውስጥ ያለችው ተንሸራታች አቧራና ዝገት ይዛለች። ለዓመታት የነካቸው የለም። ከታች ከፍቼ ኮንታክት ክሊነር ነፋሁባቸው፣ ከጫፍ ጫፍ ሃምሳ ጊዜ ያህል አዞርኳቸው። አንዲት የለቀቀች ሽቦ በሊድ መልሼ በየድኩ። ለወጉ እዚህም አንድ ጠብታ ዘይት።

ነጥቦቹ ቆሙ። አሥር ደቂቃ ጠበቅኩ፤ እንደቆሙ ናቸው። አባዬ ቆጠረ። "ሳን" አለ። መቶ።

ሥራው በአንድ ከሰዓት አለቀ። እዚህ ላይ ቀጥታው አሸነፈ ብሎ ማቆም ይቻል ነበር።

ግንቦት 2

ቺንጊያው መጣ! በፖስታ ውስጥ፣ ጥቁር፣ ስስ፣ ለስላሳ። በታልክ ፓውደር የተነሰነሰ ይመስላል። ፑሌጃውን በአልኮል ደግሜ ጠርጌ፣ ጣቴ ቅባት እንዳይተው በጨርቅ ይዤ አጠለቅኩት። ሳህኑ ሐር እንደሚጎተት ሆኖ ተነሣ። ንዝረት የለም፣ "ጧ" የለም።

መርፌውን ባስቀምጥ ዘፋኟ ወንድ ሆነች።

ውሸቴን አይደለም። ድምፁ ወርዶ ወርዶ ወፍሯል፣ ከበሮው እንደ ለቅሶ ቤት ይረግጣል። ወደ 45 ቀየርኩት፤ አሁን ደግሞ ሕፃን። ወደ 33 መለስኩትና አባዬ ሰዓቱን አነሣ። ካትር ቫን ትሯ። 83።

መጀመሪያ የረገምኩት ቺንጊያውን ነው። ጎታታ ነው፣ ሐሰተኛ ነው፣ ከከመነዳሪ አነሰ አልኩ። ለላከልኝ ጓደኛዬ የማያምር መልእክት ጻፍኩለት። ዘይቱን ጨመርኩ። ሞተሩን በእጄ ዳሰስኩ። ማታ ድረስ።

አባዬ ነው ያገኘው። መነጽሩን አድርጎ ከኋላ ያለችውን ትንሽ የብረት ጽሑፍ አነበበ። "120 ቮልት ይላል።"

"አውቃለሁ፣ ለሱ እኮ ነው ትራንስፎርመር ያደረግኩት።"

"60 ኸርዝ ይላል።"

ዝም አልኩ።

የፓዮኒሩ ሞተር ሲንክሮነስ ነው። ፍጥነቱን የሚወስነው ቮልቱ ሳይሆን የመስመሩ ሞገድ ነው። አሜሪካ 60 ነው፣ እኛ 50። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል፤ ኸርዙን አይነካም። 33 ከሲሶ በስድስት ተካፍሎ በአምስት ሲባዛ 27.8 ይመጣል፤ በሦስት ደቂቃ 83 ዙር። ድምፁ ከሦስት ግማሽ ቃና በላይ ይወርዳል። 45ቱም 37.5 ይሆናል። ለማናቸውም አይሆንም።

የከመነዳሪው ነገር ታዲያ? እሱ 100 አካባቢ ያመጣው ወፍራም ስለነበረ ነው። ለምን እንደሆነ ዛሬ አልገባኝም። ጓደኛዬን ይቅርታ ጠየቅኩት።

ግንቦት 5

መፍትሔው ፑሌጃ ነው። ፋብሪካውም ለ50 እና ለ60 የተለያየ ፑሌጃ ነበር የሚገጥመው። ለኛ መስመር ወፈር ያለው ያስፈልጋል፤ በ60 ለ50፣ ማለትም አንድ ነጥብ ሁለት እጥፍ።

ድሬ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም ሰው የሚያስበው አንድ ቦታ ነው። ባቡሩ እዚህ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው፤ ከተማዋም አብራው ተወለደች። የባቡሩ ጋራዥ ያላፈራው ባለሙያ የለም። አባዬ ከጡረተኞቹ አንዱ ጋ ወሰደኝ፤ ቤታቸው ጓሮ አነስተኛ ቶርኖ አላቸው።

አንቱ ስላቸው "አቦ ተው፣ ድሬ ነው ያለኸው!" አሉኝ። እውነት ነው፣ እዚህ አንቱታ ብዙ አይበረክትም። እኔ ግን ስጽፍ አልለመደብኝም።

ፑሌጃዋን መዳፋቸው ላይ አገላበጧት። በካሊፐር ለኩ፣ በኖራ ግድግዳው ላይ ጻፉ። "የሎኮሞቲቭ ጎማ ስንሠራ ኖረን አሁን የጆሮ ጉትቻ" ብለው ሳቁ። "ቺንጊያውን አምጥተሃል?"

"ቤት ነው። ምን ያደርጋል? በ1.2 ማባዛት ነው።"

ቀና ብለው አዩኝ። የሆነ ነገር ሊሉ ነበር። ከዚያ "እሺ፣ እንዳልክ" አሉ።

አሁን ሳስበው፣ ያ "እሺ" ተራ እሺ አልነበረም።

ግንቦት 8

አዲሷ ፑሌጃ ተገጠመች። ቢጫ፣ የምታብረቀርቅ። አባዬ ቆጠረ። ካትር ቫን ዲዝዊት። 98።

ሁለት ዙር ጎደለ። ሁለት በመቶ ትንሽ ይመስላል። ግን የግማሽ ቃና ሲሶ ማለት ነው፤ ዘፈኑን የሚያውቅ ሰው "ዛሬ ምነው ደከማት?" ይላል።

ተመልሼ ሄድኩ፤ በዚህኛው ቺንጊያውን ይዤ። ሽማግሌው ገና ከበር "98?" አሉኝ። ከየት አወቁ! ቁጭ አድርገው አስረዱኝ። ቺንጊያ ፑሌጃ ላይ ሲጠመጠም የሚሠራው ስፋት የነሐሱ ብቻ አይደለም፤ የላስቲኩ ግማሽ ውፍረት በዚህም በዚያም ይጨመርበታል። የኔ ቺንጊያ ግማሽ ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ በ1.2 መባዛት ያለበት ነሐሱ ከነላስቲኩ ነው፤ ከዚያ ላስቲኩ ይቀነሳል። ልዩነቱ አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ነው። የወረቀት ውፍረት። ፑሌጃዋ ቀጭን ስለሆነች ያቺ የወረቀት ውፍረት ሁለት ዙር ትበላለች።

የከመነዳሪውም ምሥጢር ተፈታ። ላስቲኩ ስለወፈረ ፑሌጃዋን አወፈራት፤ ሳህኑ ፈጠነ። አንዱ ስህተት ሌላውን ሸፍኖልኝ ነበር።

"መጀመሪያ ለምን አልነገሩኝም?" አልኳቸው።

"ብነግርህ ትሰማኝ ነበር?"

ሁለተኛዋን ሲሠሩ አጠገባቸው ቆምኩ። የመጨረሻዋን መላጥ ሲያነሡ ትንፋሻቸውን ያዙ። ከብረቱ ላይ የተነሣው የነሐስ ክር ከፀጉር ይቀጥናል፤ ወለሉ ላይ ሲወድቅ ድምፅ የለውም። ለኩ። እንደገና ለኩ። በመሐል ቶርኖውን አጥፍተው "ይብረድ" አሉ፤ ሲሞቅ ልኩ ይዋሻል። ሻይና ባጊያ መጣ። ከሻይ በኋላ ለክተው "አሁን ነው" አሉ።

ገንዘብ አልተቀበሉኝም። "ሲሠራ ጥራኝ" አሉ።

ማታ፦ ሳን። ሁለት ጊዜ ተቆጠረ፣ ሁለቱም ጊዜ ሳን።

ግንቦት 12

አሁን ማወዳደር ይቻላል። ማወዳደሩ ፍትሐዊ እንዲሆን አንድ መርፌ ለሁለቱም ማድረግ አለብኝ። ብዙ ሰው አንዱን ማጫወቻ በጥሩ መርፌ፣ ሌላውን ባለቀ መርፌ ሰምቶ "ቺንጊያ ይሻላል" ይላል። ደግነቱ ሁለቱም ክንዳቸው ጫፍ ላይ የሚነቀል ራስ አላቸው። ኦዲዮ ቴክኒካ ቪኤም95ኢ የሚባለውን መርፌ አንድ ራስ ላይ አሰርኩ፤ ከአንዱ ነቅሎ ወደ ሌላው መትከል ነው። መርፌው ሸክላው ላይ የሚያርፍበት ክብደት በሁለቱም 2 ግራም። ሁለቱንም በውሃ ልክ አስተካከልኩ። ጠረጴዛችን ወደ ደቻቱ ወንዝ ያዘነበለ መሆኑን በዚህ አጋጣሚ አወቅኩ።

መጀመሪያ የመጣው ድምፅ ግን "እምምም" ነው። የኧርዝ ሽቦ ረስቼ ነበር። አሰርኳት፤ ጠፋ።

ግንቦት 14

ቴክኒክሱ ያጉረመርማል። ዘፈኑ ዝቅ ባለ ቁጥር ከሥር "ዱዱዱ" የሚል አለ። ፓዮኒሩ ላይ በጣም ያነሰ ነው። የቺንጊያ ወገኖች እውነታቸውን ነው ማለት ነው፣ ቀጥታ ሞተር ንዝረቱን ለመርፌው ያቀብላል። ማስታወሻዬ ላይ በትልቁ ጻፍኩ፤ "ቺንጊያ 1፣ ቀጥታ 0"።

ግንቦት 16

የትናንት ወዲያውን ሰርዙት። ቬንትሌተሩ ነው።

ድሬ በግንቦት ያለ ቬንትሌተር አይኖርም። የኛው ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ከቴክኒክሱ አጠገብ። እማዬ ዛሬ ወደ ማድ ቤት ወሰደችው፣ "ዱዱዱ" አብሮት ሄደ። ፓዮኒሩ ያመለጠው በአንድ ክንድ ስለራቀና እግሮቹ ንዝረት የሚችሉ ስለሆኑ ነው። ቬንትሌተሩን መሬት አወረድኩት። አሁን በጆሮ ማዳመጫም ብሰማ ሁለቱን መለየት አልቻልኩም።

ሁለት ቀን ሙሉ የሞተር ንድፍ ስከስስ የነበርኩት በቬንትሌተር ነው።

ግንቦት 19

ፈተና። አባዬና አጎቴ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ። የቶርኖው ባለሙያም መጡ። እኔ ራሱን ከአንዱ ወደ ሌላው እየነቀልኩ አንድ ሸክላ አሥር ጊዜ አጫወትኩ፤ የትኛው እንደሆነ ለማንም አልተናገርኩም። የመረጥኩት ረጅም የሳክስፎን ድምፅ ያለበትን ነው። የፍጥነት መዋዠቅ የሚጋለጠው እንዲህ ያለ የተያዘ ድምፅ ላይ ነው፤ ክራር ላይ ይደበቃል።

አጎቴ አሥሩንም ጊዜ "ይሄኛው ይሻላል" አለ። አሥሩንም። ሽማግሌው ሳቁና "እኔ የምሰማው ፑሌጃዬን ነው" አሉ፤ አራቱን አግኝተው ስድስቱን ሳቱ። አባዬ ግን ስምንቱን አገኘ። ደነገጥን።

"ምኑን ሰምተህ ነው?"

"ዘፈኑን መች ሰማሁ። አነሣሡን ነው።"

ቁልፍ ከምጫንበት መርፌውን እስከማወርድ ያለውን ቆይታ ይቆጥር ነበር። ቀጥታው ወዲያው ፍጥነቱን ይይዛል፣ መርፌውን ቶሎ አወርዳለሁ። ባለ ቺንጊያው ለመድረስ ጥቂት ይዘገያል፣ እኔም እጠብቃለሁ። የባቡር ሰው አነሣስ ይሰማል። ከዚያ በኋላ አውቄ እኩል መጠበቅ ጀመርኩ፤ ከስድስቱ ሦስቱን አገኘ።

ድምፃቸው ይሄው ነው። ሁለቱም በደንብ ሲጠገኑ፣ በአንድ መርፌ፣ በኛ ስፒከር፣ ልዩነት አላገኘንም። ለመርፌ ያወጣሁት ገንዘብ ግን በመጀመሪያው ደቂቃ ተሰምቷል። የአባዬን አሮጌ መርፌ ለማስተያየት ብገጥማት አጎቴ ሳይቀር ፊቱን አጨማደደ።

ግንቦት 21

አንዲት ባለ 45 ሸክላ ቀዳዳዋ መሐል ላይ አይደለም። ክንዱ በየዙሩ ወዲህ ወዲያ ይላል፣ ድምፁም አብሮ። ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ቢሸሽ ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል ቃናውን ወደ 0.8 በመቶ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። ሁለቱም ማጫወቻዎች ይሄን እንደወረደ ያጫውቱታል። ሞተር አይፈውሰውም።

ሌላ ጥፋት ደግሞ የራሴ ነው። አንድ ትልቅ ሸክላ መስኮት ሥር ረሳሁ። የቀኑ ፀሐይ ስትመለስ እንደ ሳንቡሳ ጠርዝ ተጠቅልሎ አገኘሁት። ለአባዬ ሳልነግረው ዋልኩ። ሲያየው "ድሬ ነው" ብሎ አለፈኝ። ሌሎቹን በሙሉ አቁሜ፣ ፀሐይ ከሚመታው ግድግዳ አርቄ፣ ቁምሳጥን ውስጥ አስገባኋቸው።

ግንቦት 26

ዛሬ ማታ መብራት ሄደ። ጎረቤት ያለው ሱቅ ጀነሬተር አስነሥቶ ሽቦ ወረወረልን፤ አንድ አምፖልና ፍሪጁን ይችላል። እኔ ማጫወቻውን ጨመርኩበት።

ፓዮኒሩ ላይ የሴትየዋ ድምፅ ከፍ ብሎ ጀመረ። የሱቁ ፍሪጅ ሲነሣ ጀነሬተሩ "እህ" ብሎ ይወርዳል፤ ዘፋኟም አብራ ትወርዳለች። ፍሪጁ ሲያርፍ ትወጣለች። አባዬ በጨለማው ውስጥ "ሰክራለች" አለ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሲንክሮነስ ሞተር የሞገዱ ባሪያ ነው። ጀነሬተሩ 52 ካለ 52፣ 48 ካለ 48።

ወደ ቴክኒክሱ ቀየርኩ። ነጥቦቹን አየሁና ተስፋ ቆረጥኩ። ወደኋላ ይሄዳሉ፣ ይቆማሉ፣ ወደፊት ይሮጣሉ። ይሄም አበደ አልኩ። ማስተካከያውን ልነካ እጄን ስሰድ አባዬ ያዘኝ።

"ስማው እስቲ መጀመሪያ።"

ሰማሁት። ድምፁ አልተነቃነቀም። በስልክ መብራት ወረቀቷን እያየን ቆጠርን። ሳን።

ነጥቦቹ ናቸው የሚዋሹት። ቀይዋ መብራት የምትበራው በጀነሬተሩ ሞገድ ነው፤ እሱ ሲዋዥቅ መለኪያው ራሱ ይዋዥቃል። የቴክኒክሱ ሞተር ግን ፍጥነቱን የሚያገኘው ከውስጥ ካለው ሰርኪዩት ነው፤ መስመሩ የሚሰጠው ጉልበት ብቻ ነው። ባስተካክለው ኖሮ ልክ የሆነውን አበላሸው ነበር።

እስካሁን በዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ ሁለቱን በጆሮዬ የለየሁት ዛሬ ብቻ ነው። ልዩነቱም ከላስቲኩ አልመጣም፤ ከጎረቤት ፍሪጅ ነው። ኳርትዝ ወይም ዲሲ ሞተር ያለው ባለ ቺንጊያ ቢሆን ይሄ አይገጥመውም ነበር። ስለዚህ "ቺንጊያ ወይስ ቀጥታ?" ብሎ የሚጠይቀኝን ሰው እኔ ደግሞ "ሞተሩ ፍጥነቱን ከማን ይቀበላል?" እለዋለሁ። ከሳጥኑ ጀርባ ያለችውን ብረት ሳያነብ እንዳይገዛ።

ሰኔ 1

ቴክኒክሱ ወደ አባዬ መኝታ ቤት ገባ። ባለ 45ዎቹን የሚሰማው እሱ ነው፤ በየሦስት ደቂቃው መገልበጥ ስላለበት ቶሎ የሚነሣው ይመቸዋል። መብራት ሲሄድም አይሰክርበትም። ፓዮኒሩ ሳሎን ቀረ፣ ለትልልቆቹ። እውነቱን ለመናገር የምወደው እሱን ነው። ይሄ የድምፅ ጉዳይ አይደለም፤ ያቺን ነሐስ ስትቆረጥ አይቻታለሁ።

ሰኔ 4

ቀትር ላይ፣ ሙቀቱ ሲብስ ፓዮኒሩን ቆጠርን። 100። ሌሊት 100። ቺንጊያው እስካሁን አልላላም፤ ግን የፊተኛው እንዴት እንደቀለጠ አይቻለሁ፣ ይሄንን ድሬ ስንት ዓመት እንደምታቆየው አላምናትም። ሁለት መጠባበቂያ አስመጣሁ። አንዱን በፕላስቲክ ጠቅልዬ ፍሪጅ ውስጥ፣ ከቅቤው አጠገብ አስቀመጥኩ።

እማዬ አሁን ጠራችኝ። በሁለት ጣቷ አንጠልጥላዋለች።

"ይሄ ማካሮኒ ነው?"